«ምን ይመክሩኛል?»፦ የሥነ ልቦና ቁስል ሕክምና ታሪክና ከግል አማካሪ የሚጠበቀው

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በመራዊ በኩል ወደ ዳንግላ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ዱርቤቴ የደቡብ አቸፈር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የከተማዋም ሆነ የአካባቢው ገጠር ነዋሪ በቅርቡ ካለው የጤና ተቋም አቅም በላይ የሆነ ሕመም ሲገጥመው የሚላከው ወደ ባሕር ዳር ነው። ለአጥንት ስብራት፣ ለከበደ ምጥ ወይም ለእጢ የሚጻፈው የሪፈር ወረቀት ምን እንደሚያስከትል ታካሚውም አስታማሚውም በግምት ያውቁታል፤ ራጅ አለ፣ አልጋ አለ፣ ምናልባትም ቀዶ ሕክምና አለ። ዘመዱ ዓይኑ እያየ ተገድሎበት እንቅልፍ ያጣና የበር መንኳኳት የሚያስበረግገው ሰው ግን «ባሕር ዳር ሄደህ የሥነ ልቦና አማካሪ ብታነጋግር ይሻላል» ሲባል ምን እንደሚጠብቀው አያውቅም። ስለዚህ የሚያውቀውን ይዞ ይሄዳል። የሚያውቀው ደግሞ «ምክር» የሚለውን ቃል ነው።

በአማርኛ መካሪ ማለት ሽማግሌ፣ የንስሐ አባት ወይም ታላቅ ወንድም ነው፤ ችግሩን ሰምቶ «እንዲህ አድርግ፣ እንዲህ አታድርግ» የሚል ሰው ነው። ጥሩ ምክር አጭር ነው፤ በአንድ ቁጭታ ያልቃል፤ ዋጋም አይጠየቅበትም። የሥነ ልቦና ቁስልን የሚያክመው ባለሙያ በአንጻሩ ሳምንት በሳምንት ይቀጥራል፣ ከመናገር ይልቅ ይጠይቃል፣ «እንዲህ አድርግ» ከማለት ይቆጠባል፣ በግል የሚሠራ ከሆነም ክፍያ ይቀበላል። በመጀመሪያው ቀን «ምን ይመክሩኛል?» ብሎ ጠይቆ መልስ ያላገኘ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ባይመለስ ሊያስደንቅ አይገባም። ይህ የሚሆነው ታካሚው ደካማ ስለሆነ ወይም «ስላልሠለጠነ» አይደለም፤ የላከው ባለሙያ ምን እንደሚጠብቀው ስላልነገረው ነው። የሥነ ልቦና ቁስል ሕክምና የመቶ ሃምሳ ዓመት ታሪክ በየምዕራፉ የሚያሳየው ታካሚው የሚጠብቀው ነገር ራሱ የሕክምናው አንድ አካል መሆኑን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኅብረተሰቡ ከዘመናዊው አማካሪ በፊት ባዶ እጁን አልነበረም። የሞት ድንጋጤን የሚያስተናግድበት ሥርዓት ነበረው፤ አሁንም አለው። መርዶ በድንገት አይነገርም፤ ማለዳ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው በአጠገቡ ቆሞ ነው ሐዘንተኛው የሚረዳው። አልቃሽ የሟቹን ታሪክ በግጥም ታወርዳለች። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት እህል ውኃ ያቀርባል፣ ሐዘንተኛው ለቅሶ ተቀምጦ ለመጣው ሁሉ ነገሩን ደግሞ ደጋግሞ ያወራል። ከዚያም ሠልስቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ ይከተላል። በሕክምና ባለሙያ ዓይን ለሚመለከተው እነዚህ ቀናት እየተራራቁ የሚሄዱ ቀጠሮዎች ናቸው፤ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን፣ ሐዘኑም ማብቂያ እንዳያጣ የተደነገጉ ናቸው።

ይሁን እንጂ ሥርዓቱ የተበጀው ሊለቀስለት ለሚችል ሞት ነው። የተደፈረች ሴት ድንኳን አይተከልላትም። በእስር ቤት የተገረፈ ሰው ሠልስት የለውም፤ አስከሬኑ ያልተገኘ ልጅ አባት ደግሞ አርባውን ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚቆጥር አያውቅም። በ1977 እና 1978 በተካሄደው ቀይ ሽብር ወቅት ቤተሰቦች ልጆቻቸውን እንዳያለቅሱ ተከልክለው እንደነበር በሰፊው የሚታወቅ ነው። በዚያ ክልከላ የተወሰደው መጽናኛ ብቻ አልነበረም፤ ኅብረተሰቡ የነበረው ብቸኛ የቁስል ሕክምናም ጭምር ነበር። የንስሐ አባት ምስጢር ጠባቂ ነው፤ ነገር ግን የንስሐ ሥርዓት የሚጀምረው ከኃጢአት ስለሆነ ተበዳዩን እንደ በደለኛ እንዲሰማው ሊያደርገው ይችላል። ጥሩ የነፍስ አባት ይህን ልዩነት ያውቀዋል፤ ሁሉም ግን አያውቀውም።

ከጣና በስተ ሰሜን፣ በጎንደር፣ ሌላም መንገድ ነበር። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 በከተማዋ የዛር ቤቶችን ተከታትሎ መዝግቧል። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ሳይመን ሜሲንግ ደግሞ በ1958 ባሳተመው ጽሑፍ የጎንደሩን የዛር ማኅበር «የቡድን ሕክምና» ብሎ ጠርቶታል። አነጋገሩ ለጊዜው ደፋር ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ሁሉም የሚቀበለው አይደለም። ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን አንድ ነገር ነው። ወደ ዛር ቤት የምትገባ ሴት ምን እንደሚጠብቃት አስቀድማ ታውቃለች። ዛሩ እንደማይወጣና እንደሚለመን፣ ስሙ እንደሚታወቅ፣ ግብሩ እንደሚሰጥ፣ እርሷም የማኅበሩ አባል ሆና እንደምትኖር ታውቃለች። ጸበል የሚጠመቀውም ለስንት ቀን ሱባኤ እንደሚይዝ፣ ምን እንደሚበላና ምን እንደማይበላ አውቆ ነው የሚገባው። አዲሱ አማካሪ ከእነዚህ ሁሉ የሚያንሰው በዚህ ነው፤ ወደ እርሱ የሚሄድ ሰው የሥርዓቱን መልክ አያውቅም።

በአውሮፓ የዘመናዊው ሕክምና ታሪክ የጀመረው ከሐዘን ሳይሆን ከባቡር ነው። እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጆን ኤሪክ ኤሪክሰን በ1866 በባቡር አደጋ ተርፈው ከላይ ጉዳት የማይታይባቸው፣ ነገር ግን የማይተኙ፣ የሚንቀጠቀጡና የሚረሱ ሰዎችን ሁኔታ ጻፈ። ሕመሙን የአከርካሪ አጥንት ጉዳት አድርጎ ነበር የገመተው። ጀርመናዊው ሄርማን ኦፐንሃይም በ1889 «የትራውማ ኒውሮሲስ» የሚል ስም አወጣለት። ትራውማ በግሪክኛ ቁስል ማለት ነው። የባቡር ኩባንያዎች ካሣ የመክፈል ግዴታ ስለነበረባቸው ግን ክርክሩ ብዙም ሳይቆይ ከሕክምና ወደ ፍርድ ቤት ተሻገረ፤ «በእውነት ታሟል ወይስ ገንዘብ ፈልጎ ነው?» የሚለው ጥርጣሬ ከዚያ ወዲህ ይህን ሕመም ተለይቶት አያውቅም።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ጥያቄውን በብዙ ሺህ ወታደሮች አባዛው። ቻርልስ ማየርስ በ1915 ላንሴት በተባለው መጽሔት ላይ «ሼል ሾክ» የሚለውን ስም አስተዋወቀ፤ ኋላ ግን ስሙን ራሱ አልወደደውም፤ በአጠገቡ ምንም ቦምብ ያልፈነዳበት ወታደርም ይታመም ነበርና። አሜሪካዊው ቶማስ ሳልሞን በ1917 የእንግሊዝንና የፈረንሳይን ልምድ መርምሮ ያቀረበው አሠራር ኋላ በሦስት ቃላት ተጠቃሏል፤ ታካሚውን ከግንባሩ ሳያርቁ ማከም፣ ሳይዘገዩ ማከም፣ እንደሚድንም እንዲጠብቅ ማድረግ። ሦስተኛው ለአንባቢ እንደ ማበረታቻ ብቻ ሊታይ ይችላል። በተግባር ግን ለወታደሩ «አብደሃል» በማለትና «ደክሞሃል፣ ታርፋለህ፣ ይሻልሃል» በማለት መካከል ያለው ልዩነት የሕክምናውን ውጤት እንደሚለውጥ የዘመኑ ሐኪሞች አምነውበት ነበር። ዓላማው ወታደሩን ወደ ምሽግ መመለስ እንደነበረ ግን መዘንጋት የለበትም፤ ሠራዊቱ የጠበቀውና ታካሚው የጠበቀው አንድ አልነበረም።

በዚያው ጊዜ በስኮትላንድ ክሬግሎክሃርት በተባለ ሆስፒታል የመኮንኖች ሐኪም የነበረው ደብልዩ ኤች አር ሪቨርስ ስለ ምክር የተናገረው ነገር ዛሬም ቢነበብ ያስተምራል። ወደ እርሱ የሚመጡት መኮንኖች ሁሉ አስቀድሞ አንድ ምክር ተሰጥቷቸው ነበር፤ «እርሳው፤ ስለ እርሱ አታስብ፤ ሌላ ነገር አስብ» ተብለዋል። ቀን ቀን ምክሩን ለመፈጸም ይታገላሉ፤ ሌሊት ግን ያባረሩት ሁሉ በሕልም ተመልሶ ይመጣል። ሪቨርስ በ1918 መጀመሪያ ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ማስረሳት የሕመሙ አንድ ምክንያት አድርጎ አቀረበው። ታካሚዎቹን ትዝታውን በመጠኑ እንዲጋፈጡትና በውስጡ የሚይዙት አንዳች ነገር እንዲፈልጉ አደረገ፤ ለምሳሌ ጓደኛው ሳይሠቃይ መሞቱን፣ ወይም እርሱ ሊያደርግ የሚችለውን ሁሉ ማድረጉን። ሐቀኛም ሐኪም ነበር። ትዝታው ምንም የሚያጽናና ነገር ያልተገኘበትን አንድ መኮንን በዚህ መንገድ ሊያክመው እንዳልቻለ፣ ይልቁንም ከሠራዊቱ ወጥቶ ቀድሞ እፎይታ ያገኝበት ወደነበረው የገጠር ኑሮ መመለሱ የተሻለ ሆኖ እንዳገኘው ጽፏል። በዱርቤቴም ሆነ በሌላ የኢትዮጵያ ከተማ ሰው ከለቅሶ ቤት ሲወጣ ዘወትር የሚሰማው ምክር «እርሳው» ነው። ደግነት ያለበት ቃል ነው፤ ግን ከመቶ ዓመት በላይ በተከማቸ ልምድ ሲመዘን ከማይሠሩት ምክሮች አንዱ ነው።

የመርሳቱ ምክር ግን ቶሎ አልተሸነፈም። አብራም ካርዲነር በ1941 የጦርነት ቁስልን የሚመለከት ጠቃሚ መጽሐፍ ቢያወጣም፣ ሕመሙ ቋሚ የምርመራ ስም ያገኘው የአሜሪካ የሳይካትሪ ማኅበር በ1980 «ድኅረ አደጋ የጭንቀት ሕመም» የሚለውን በዝርዝሩ ካካተተ በኋላ ነው። ለዚህም የቬትናም ዘማቾች ጩኸት ትልቅ ድርሻ ነበረው። ጁዲት ኸርማን በ1992 ባሳተመችው መጽሐፍ የሕክምናውን ሂደት በሦስት ደረጃ አስቀመጠች፤ መጀመሪያ ደኅንነት፣ ቀጥሎ ማስታወስና ማልቀስ፣ በመጨረሻም ከሰው ጋር ዳግመኛ መቀላቀል። ፈረንሳዊው ፒየር ዣኔ ከመቶ ዓመት በፊት ተመሳሳይ ቅደም ተከተል ጠቁሞ ነበር። የለቅሶን ሥርዓት ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ደረጃዎቹ እንግዳ አይሆኑበትም።

በኢትዮጵያ የአእምሮ ሕክምና ለረጅም ጊዜ አንድ አድራሻ ብቻ ነበረው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል። «አማኑኤል ገባ» ማለት በከተማው አነጋገር ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ መግለጽ አያስፈልግም። በ1960ዎቹ ሆላንዳዊው ሮበርት ጊል ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር በትንንሽ ከተሞች ያደረጋቸው ጥናቶች የአእምሮ ሕመም ከሆስፒታሉ አጥር ውጭም በብዛት መኖሩን አሳዩ። ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ሳይካትሪስቶች አንዱ የነበሩት ዶክተር ፍቅሬ ወርቅነህ ደግሞ ከጊል ጋር ሆነው በ1970ዎቹ የአንድ ቄስና የአንድ ሼክ ፈውስ ቤቶችን አጥንተዋል። በ1980ዎቹ መጨረሻ የሳይካትሪ ነርሶች ሥልጠና ተጀመረ፤ በ2003 ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ትምህርት ተከፈተ። በዚህ ሁሉ ሂደት ትኩረቱ በከባድ የአእምሮ ሕመምና በመድኃኒት ላይ ነበር፤ ለተቀመጠ ሰው ረጅም ሰዓት ሰጥቶ ማዳመጥ ካለው የባለሙያ ቁጥር ጋር የሚመጣጠን ሥራ አልነበረም።

«የምክር አገልግሎት» የሚለው ሐረግ ወደ ጤና ጣቢያው የገባው በሌላ በር ነው። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር በ1966 ሲቋቋም ስለ ቤተሰብ ምጣኔ የሚሰጠው ማብራሪያ ምክር ተባለ። ከዚያም ኤች አይ ቪ መጣ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ በተለይም በ2000ዎቹ አጋማሽ፣ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ የምክርና የምርመራ አገልግሎት በየወረዳው ተስፋፋ። ብዙ ሺህ ነርሶችና የማኅበረሰብ አማካሪዎች ሠለጠኑ። ለብዙ ኢትዮጵያውያን «አማካሪ» የሚባል ባለሙያን በጠባብ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ማግኘት የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። ያ አገልግሎት ለዓላማው ተገቢ ነበር፤ ከምርመራ በፊት ማስረዳት፣ ከምርመራ በኋላ ውጤት መንገር፣ ማጽናናት፣ ቀጣዩን እርምጃ ማመልከት፤ አንድ ወይም ሁለት ግንኙነት፣ በአመዛኙም መረጃ። የዛሬው የጤና ባለሙያ «አማካሪ» ሲል በአእምሮው የሚመጣለት ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ስለዚህ በቃሉ የሚሳሳተው ታካሚው ብቻ አይደለም፤ ላኪውም ነው።

የጦርነትና የመፈናቀል ቁስል በኢትዮጵያ በቁጥር የተለካው ዘግይቶ ነው። ዮፕ ደ ዮንግና ባልደረቦቹ፣ ከእነርሱም መካከል ዶክተር መስፍን አርአያ፣ በ2001 ያሳተሙት ጥናት ከግጭት በወጡ አራት ሕዝቦች መካከል የድኅረ አደጋ ጭንቀት ሕመምን ስርጭት አነጻጸረ። በአልጄሪያ 37.4 በመቶ፣ በካምቦዲያ 28.4 በመቶ፣ በጋዛ 17.8 በመቶ፣ በኢትዮጵያ 15.8 በመቶ ነበር። ዶክተር መስፍን ከዚያ በኋላ በ2007 በስዊድን ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ሥራ ከኤርትራ ተፈናቅለው በአዲስ አበባ መጠለያዎች ለዓመታት የኖሩ ሰዎችን ሁኔታ ከማኅበራዊ ድጋፍና ከኑሮ ደረጃ ጋር አያይዘው መርምረዋል። የኢትዮጵያው ቁጥር ከአራቱ ዝቅተኛው መሆኑ አንዳንዱን ሊያጽናና ይችላል። ሆኖም ከስድስት ሰው አንድ ማለት ነው፤ በማንኛውም የጤና ጣቢያ ተመላላሽ ክፍል የተኮለኮለውን ሰልፍ ለሚያይ ባለሙያ ትንሽ ቁጥር አይደለም።

የሕክምናው ታሪክ ወደ ቅርብ ዘመን ሲደርስ የጤና ባለሙያ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ስሕተት አለ። አሜሪካዊው ጄፍሪ ሚቸል በ1983 ለእሳት አደጋና ለአምቡላንስ ሠራተኞች ያዘጋጀው አሠራር በዓለም ዙሪያ ተሠራጨ፤ ከአደጋ የተረፉትን በቀናት ውስጥ ሰብስቦ የደረሰባቸውን በአንድ ቁጭታ እንዲናገሩ ማድረግ ነበር። መልካም ሐሳብ ይመስል ነበር። በ1997 በቃጠሎ ተጎጂዎች ላይ የታተመ ጥናት ግን ከ13 ወራት በኋላ የአንድ ጊዜ ንግግር ከተደረገላቸው 26 በመቶው፣ ካልተደረገላቸው ደግሞ 9 በመቶው ብቻ በድኅረ አደጋ ጭንቀት ሕመም ተይዘው አገኘ። በ2002 የወጣው የኮክሬን ግምገማም አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረገው ንግግር ጥቅም እንዳልተገኘበትና ሊጎዳም እንደሚችል ደመደመ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ያሳተመው የመጀመሪያ የሥነ ልቦና እርዳታ መመሪያ በዚህ ምክንያት ተጎጂውን ታሪኩን እንዲናገር አያስገድድም፤ ውኃ፣ መጠለያ፣ ዘመድን ማገናኘት፣ ሊናገር ከፈለገ ማድመጥ፣ ይህን ነው የሚያስተምረው። ድርጅቱ በ2013 ባወጣው ምክረ ሐሳብም በመጀመሪያው ወር ለሚታይ የድንጋጤ ምልክት ቤንዞዲያዜፒን እንዳይሰጥ አሳስቧል። በገጠር ጤና ተቋም ለማይተኛ ሐዘንተኛ በቶሎ የሚጻፈው ዲያዜፓም መሆኑን ለሚያውቅ ይህ ቀላል ማሳሰቢያ አይደለም።

ከስሕተቱ ጎን ለጎን የሚሠራው ሕክምና ተገኘ። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኤድና ፎአ ትዝታን ደጋግሞ በመጋፈጥ፣ ፓትሪሻ ሬሲክ ከአደጋው በኋላ የተጣመመ አስተሳሰብን በማቃናት የሚያክሙ ሥርዓቶችን አዘጋጁ፤ ፍራንሲን ሻፒሮም በ1989 በዓይን እንቅስቃሴ የሚታገዘውን ዘዴ አሳተመች። ለአፍሪካ አንባቢ ይበልጥ የሚቀርበው ግን በጀርመን ኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ የተቀረጸውና የሕይወት ታሪክን ከልደት ጀምሮ በቅደም ተከተል የሚያስተርከው ሕክምና ነው። በ2004 ፍራንክ ኖይነርና ባልደረቦቹ በሰሜን ኡጋንዳ ኢምቬፒ ሠፈር በ43 የሱዳን ስደተኞች ላይ ያገኙትን ውጤት አሳተሙ። አራት ጊዜ ታሪካቸውን ካስተረኳቸው መካከል ከአንድ ዓመት በኋላ በሕመሙ የቀሩት 29 በመቶ ነበሩ፤ የተለመደውን የማበረታቻ ምክር ካገኙት 79 በመቶ፣ ስለ ሕመሙ አንድ ጊዜ ትምህርት ብቻ ከተሰጣቸው 80 በመቶ በሕመሙ እንዳሉ ነበሩ። በ2008 የታተመው ሌላው ጥናት ደግሞ ሥራው በሠለጠኑ ስደተኞች፣ ያለ ሐኪም፣ ሊከናወን እንደሚችል አሳየ።

እነዚህ ቁጥሮች ለዱርቤቴው ታካሚ ምን ይላሉ? «ምን ይመክሩኛል?» ብሎ የመጣውን ሰው ምክር ብቻ ሰጥቶ መሸኘት ብዙም አይፈውሰውም፤ ታሪኩን በሥርዓት እንዲናገር መርዳት ግን ይፈውሳል። ስለዚህ የግል አማካሪ ዘንድ የሚሄድ ሰው በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን የደረሰበትን ሁሉ እንዲዘረግፍ አይጠየቅም፤ የሚጠይቅ አማካሪ ካለ ጥርጣሬ ይገባዋል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ መጠጥ፣ ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ፣ አሁን ስለሚኖርበት ቤት ደኅንነት የሚጠየቅባቸው ናቸው። አማካሪው የምስጢር ጠባቂነቱን ወሰን ይናገራል፤ ታካሚው ራሱን ወይም ሌላውን ሊገድል ከሆነ ብቻውን እንደማይሸከመው አስቀድሞ ይገልጻል። እያንዳንዱ ቆይታ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። በተመረመሩት ዘዴዎች ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 12 ቆይታ ያስፈልጋል፤ ቁስሉ ከልጅነት ጀምሮ የተደራረበ ከሆነ ይረዝማል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቆይታ አካባቢ፣ ትረካው ሲጀመር፣ ሕልሙ ሊብስ፣ እንባው ሊበዛ ይችላል። ይህን አስቀድሞ ያልሰማ ሰው «አባባሰብኝ» ብሎ ያቆማል፤ የሰማ ሰው ይታገሣል። በሳምንቱ መካከል የሚሠራ ሥራ ይሰጠዋል፤ ለምሳሌ ይሸሸው የነበረውን መንገድ ከሰው ጋር ማለፍ። ፍጻሜም አለው፤ እንደ ዛር ቤት አባልነት የዕድሜ ልክ አይደለም።

«የግል» የሚለው ቃል ራሱ ሁለት ትርጉም አለው። ምስጢርን ያመለክታል፤ ክፍያንም ያመለክታል። ሁለተኛው ፈቃድና ሥልጠናን የመጠየቅ መብት ይሰጣል። አማካሪው ምን ተምሯል? የትኛውን ዘዴ ይሠራል? ከብዶ ሲመጣ ወደ ማን ይልካል? መድኃኒት እንደማይጽፍ፣ ድምፅ የሚሰማ፣ ራሱን ሊያጠፋ ያሰበ ወይም ምግብ የተወ ሰው ቀድሞ ወደ ሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል መሄድ እንዳለበት ላኪው ሊያውቅ ይገባል። በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ስላሉ ይህ ክፍፍል የሚቻል ነው። ጸበልና ሕክምናን አንዱን ለሌላው እንዲተው ታካሚውን ማስገደድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውን ያሳጣዋል፤ ጥሩ አማካሪ የጸበሉን ቀን ጠይቆ ቀጠሮውን በዚያ መሠረት ያስተካክላል።

ከሁሉ የሚከብደው የመጀመሪያው ደረጃ፣ ደኅንነት ነው። መቀመጫውን በአሜሪካ ያደረገው የስቃይ ሰለባዎች ማዕከል ከ2013 ጀምሮ በትግራይ ማይ ዓይኒና ዓዲ ሓሩሽ የስደተኞች መጠለያ ለኤርትራውያን የቡድን ሕክምና ይሰጥ ነበር። በ2020 ጦርነቱ ተነሣ፤ በ2021 ሁለቱ መጠለያዎች ራሳቸው በውጊያ መሐል ወደቁ፤ ከነዋሪዎቹም ብዙዎቹ ኋላ በሰሜን ጎንደር ዳባት ወደሚገኘው ዓለምዋጭ ተዛወሩ። የታከሙበት ቦታ ሌላ ቁስል የሚፈጠርበት ቦታ ሆነ። ከመተከል የተፈናቀሉት በ2020 እና 2021 በቻግኒ ራንች መጠለያ በሺዎች ሰፈሩ። ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል ግጭት ተቀጣጥሏል፤ በጥር 2024 መጨረሻ ለዱርቤቴ ጎረቤት በሆነችው መራዊ ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። እንዲህ ባለ ጊዜ የተኩስ ድምፅ ሲሰማ የሚደነግጥ ሰው ሁሉ ታማሚ አይደለም፤ ድንጋጤው ይጠብቀዋል። የሚታከመው ተኩስ በሌለበት ሌሊትም የማይተኛው ነው። አማካሪው አደጋው አልፏል ብሎ ሊዋሽ አይችልም፤ የትናንቱን ከዛሬው እንዲለይ ግን ሊረዳው ይችላል። የኡጋንዳው ጥናት በስደተኞች ሠፈር መሠራቱ፣ ሕክምናው ሰላም እስኪሰፍን መጠበቅ እንደሌለበት ያመለክታል፤ የቀጠሮዎቹ ቁጥር ማነሱም መንገድ በማንኛውም ቀን ሊዘጋ ለሚችል አካባቢ ጥቅሙ ቀላል አይደለም።

መንገዱ ሲዘጋ ስልክ ሊያገለግል ይችላል፤ ኔትወርክ ካለና ቤት ውስጥ ሌላ የሚያዳምጥ ከሌለ። ያም ካልሆነ የቀረው ሥራ በዱርቤቴው ባለሙያ ላይ ይወድቃል። በሪፈር ወረቀቱ ላይ የሕመሙ ስምና የተሰጠው መድኃኒት የሚጻፍበት መስመር አለ፤ ታካሚው ምን እንደሚጠብቅ የሚጻፍበት መስመር የለም። ወረቀቱ እየተሞላ ሳለ በቃል የሚነገረው ግን አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሰውዬው እንደማይመክርህ፣ እንደሚጠይቅህ፣ ከስምንት ጊዜ ያላነሰ እንደሚያስመላልስህ፣ መሐል ላይ ሊብስብህ እንደሚችል፣ ያን ጊዜ እንዳታቆም። ክፍያውን አስቀድመህ ጠይቅ። ቀጠሮህንም ወደ ባሕር ዳር ሌላ ጉዳይ በሚኖርህ ቀን አድርገው፤ ሚኒባሱ ላይ የሚያገኝህ ጎረቤት «ምን ልትሠራ ነው?» ሲልህ የምትለው እንዳታጣ።